መርዶ በቀና መንደር

በቀና መንደር ሰው ሲገናኝ «ደህና ነህ?» ተባብሎ አይጠያየቅም። ነውር ነው። የተጠየቀው መመለስ አለበት፤ ከመለሰ ደግሞ እውነቱን መናገር አለበት፤ እውነቱን ልናገር ካለ ወገቡን፣ ምራቱን፣ ያጣውን እንቅልፍ ሁሉ ሊዘረዝር ነው። ሊፍት ውስጥ ቆሞ ይህን ሁሉ የሚሰማ ሰው የለም። ስለዚህ «ይመስገን» እንባባላለን። አንዱ «ይመስገን» ይላል፣ ሌላውም «ይመስገን» ይላል፣ ሁለቱም ወደየጉዳያቸው ይሄዳሉ። ምስጋና እውነት ነው ውሸት ነው ስለማይባል ዶቃችን ዝም ትላለች።

ዶቃዋ አንገት ላይ ናት። ያለ እሷ የቤት በር ስለማይከፈት የመንደሩ ነዋሪ ሁሉ ያደርጋታል። አፍህ ከልብህ ሲለይ ትቃጭላለች፤ ቀጥሎ የአንዲት ወጣት ልጅ ድምፅ ለስለስ ብሎ «ቀና ይናገሩ» ይላል። ያቺን ልጅ አንድ ቀን ባገኛት የምላትን አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን ለሰው ጆሮ ስለማይሆን እዚህ አልጽፈውም። ዶቃው የቃጨለችበት ሰውና ቤተሰቡ እስከ ማግስቱ ማታ ሊፍቱ አይታዘዛቸውም። እኛ የምንኖረው አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

መንደሩን ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጀርባ የሠራው ቀና መንገድ የሚባል ድርጅት ነው። ቤቱ ርካሽ ነው፣ ውሃው አይቋረጥም፣ ሌባ የለም። ስንገባ የቡድሃን አምስት ጥንቃቄዎች ለመጠበቅ ፈርመናል፦ ነፍስ አለማጥፋት፣ ያልተሰጠንን አለመውሰድ፣ በፍትወት አለመባለግ፣ አለመዋሸት፣ የሚያሰክር ነገር አለመጠጣት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንብቦ «ይሄማ የእኛው ነው» እያለ ፈረመ። የተሳሳትነው እዚያ ላይ ነው። ትእዛዙን የምናውቀው መስሎን ነበር። የምናውቀው ግን እየጣሱ ንስሐ እየገቡ መኖርን ነበር።

አሁን በረሮ በኩባያ ተይዞ በሊፍት ይወርድና አጥር ሥር ይለቀቃል። ሊፍቱ ለበረሮ ይታዘዛል። ለበዓል ዶሮ ለማረድ ቆቃ ድረስ ሄደን፣ እዚያው ሠርተን በልተን፣ አፋችንን ተጉመጥምጠን እንመለሳለን። ጎመን ሻጯ «ከዚህ በታች አያዋጣኝም» ማለት ስለማትችል ዝም ብላ ዓይን ዓይንህን ታይሃለች፣ አንተም አፍረህ የጠየቀችህን ትሰጣለህ። እንግዳ ሲገባ «እንብላ» የሚባለው ምግቡ በእርግጥ የሚበቃ ከሆነ ብቻ ነው። ቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክም አጥሯል። ባለፈው ክረምት አንድ ነጋዴ ስንቀብር አንባቢው «ለሰው አዛኝ፣» ብሎ ሊቀጥል ሲል ቃጨለበትና ወረቀቱን አጥፎ ወረደ።

ኢዮስያስ እባላለሁ። ከጉምሩክ በጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የሕንፃችን እድር ሰብሳቢም እኔው ነኝ። ድንኳንና ወንበሩን የሚያስተካክሉ ሌሎች አሉ። የእኔ ሥራ መርዶ መንገር ነው።

መርዶ ሥርዓት አለው። ሰው ርቆ ሲሞት ለእናቱ በስልክ አይነገርም፣ ቀን መንገድ ላይ አይነገርም፣ በተለይ ማታ አይነገርም። ዘመድ እስኪሰበሰብ ይጠበቃል። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ከወንድሟና ከእህቷ ጋር ሆነው በሯን ያንኳኳሉ፤ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው በግራም በቀኝም ይኖራል፣ ቀኑም ሙሉ ቀን ሆኖ ከፊቷ ይቆያል። እስከዚያ ድረስ ግን ትታለላለች። «ትንሽ አሞት ሐኪም ቤት ገብቷል» ትባላለች። ውሸት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። አገር በሙሉ የተስማማበትና የሚተባበርበት ውሸት ነው፤ እኔ ሳድግ ከዚህ የበለጠ ደግነት አላየሁም። ወደ መንደሩ ከገባን ወዲህ የሞቱብን ሰዎች ሁሉ እዚሁ አልጋቸው ላይ፣ ልጆቻቸው አጠገባቸው ሆነው ስለነበር ይህ ጉዳይ አንድም ቀን ትዝ ብሎን አያውቅም።

ቅዳሜ ምሳ በልተን እንዳበቃን ስልኬ ጠራ። ባለቤቴ ማራናታ ሳህን ታነሳለች። ጎረቤቴ ባሮክ፣ የቀድሞው ባቡር ነጂ፣ እንደ ልማዱ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። ደዋዩ የማላውቀው ወጣት ነበር።

«ጋሽ ኢዮስያስ ነዎት? አጠገብዎ ሰው አለ?»

ይህን ጥያቄ የሚያውቅ ሰው ከዚያ በኋላ ያለው ብዙም አያደናግረውም። ልጁ ከታጁራ፣ የባሕር ውሃ አጣርቶ ወደ እኛ ከሚልከው የቧንቧ መስመር ነው የደወለው። ያፌት ጠዋት ቧንቧ ሲፈተሽ ፈንድቶበት አርፏል። አስከሬኑ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። «ያፌት ሥራ ሲጀምር ‹አንድ ነገር ብሆን ለእናቴ እንዳትደውሉ፣ ለጋሽ ኢዮስያስ ንገሩ፣ እሱ ያውቅበታል› ብሎን ነበር» አለኝ። እንዲህ ብሎ አምኖኛል። ከእኛ ፊት ለፊት ባለው በር የምትኖረው የሃሴት ልጅ ነው። ባሏ ካረፈ ወዲህ ያላት እሱ ብቻ ነው። እሷም ባለፈው ዓመት የልብ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል፤ ሐኪሟ ድንጋጤ እንዳያገኛት እኔንም ማራናታንም ጠርቶ ነግሮናል።

አሰላ ላሉት ወንድሟና እህቷ ደወልኩ። የሌሊቱን ባቡር ይዘው ጎህ ሳይቀድ እንደሚደርሱ ተስማማን። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነበር።

«እስከ ነገ ጠዋት ምን ልንላት ነው?» አለች ማራናታ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

«ትንሽ አሞት ነው እንላታለን» አለ ባሮክ።

ዶቃው ቃጨለች። «ቀና ይናገሩ» አለች ልጅቷ።

«እየተለማመድኩ ነው እኮ!» አላት። ባሮክ በመንደሩ ከሁሉም አብልጦ የሚቃጨልበት ሰው ነው፤ ሊፍት ከተሳፈረ ወራት አልፈውታል። ሐኪሙ በደረጃው ምክንያት ስኳሩ እንደወረደለት ነግሮታል፣ እሱ ግን ይህንንም እንደ ስድብ ነው የሚያየው።

ታከተኝ። ደረቅ ወደብ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ውሸት ስፈትሽ ኖሬአለሁ። ቴሌቪዥን በእህል ሥር ደብቆ «ጤፍ ነው» የሚለኝን ስይዝ ነው የሸበትኩት። ለውሸት ፍቅር የለኝም። አሁን ግን አንዲት እናት አንድ ሌሊት በሰላም እንድታድር አንዲት ቃል ልዋሽላት ፈለግሁ፣ አንገቴ ላይ ያለ ብይ ከለከለኝ። ነውሩ የማን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

በሩ ተንኳኳ።

ሃሴት ነበረች። «ይመስገን» አለችን። ሦስታችንም እንደ ተማሪ ባንድ ድምፅ «ይመስገን» አልናት።

«ያፌት ዛሬ ስልክ አያነሳም» አለች በሩን እንደያዘች። «ቅዳሜ ሳይደውልልኝ ቁርሱን አይበላም። ለእናንተ ደውሎ ይሆን?»

«ያፌት አልደወለልኝም» አልኳት። እውነት ነው። ዶቃዬ ዝም አለች። ለቅጽበት በራሴ ኮራሁ፣ ወዲያው ግን እንዲህ ባለ ነገር በመኩራቴ አፈርኩ።

ባሮክ የውሃ ብርጭቆውን በክንዱ ገፍቶ ጣለውና «ውይ!» እያለ ስብርባሪውን ለመልቀም ተንበረከከ። ሃሴት ወደ እሱ አላየችም። ፊቷ ላይ ያለው ጭንቀት ጨመረ፤ ማራናታ ደግሞ የሰው ጭንቀት ማየት የማይሆንላት ሴት ናት። ከአፏ ሳታስበው ወጣ።

«ኔትወርክ ነው እኮ ሃሴትዬ፣ በዚያ በኩል ዛሬ ኔትወርክ…»

ዶቃዋ ቃጨለች። «ቀና ይናገሩ።»

በዚህ አገር ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ በኔትወርክ ያልተሳበበ ነገር የለም። ማራናታ ለመዋሸት አስባ አይደለም፤ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» እንደሚባለው ነው የተናገረችው። ሃሴት የማራናታን አንገት አየች። ቀጥሎ የእኔን አፍ አየች። ባሮክ ከመሬት አልተነሳም። ምንም የሚለቀም ብርጭቆ ሳይቀር ምንጣፉን በጣቱ ይዳብሳል።

«ልሂድ፣ ሥራ አለብኝ» አለች ሃሴት፣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ማራናታ ወጥ ቤት ገብታ አፏን በፎጣ አፍና አለቀሰች። እኔ ደግሞ ጫማዬን አደረግሁና ደረጃውን ወረድኩ፤ በእሷ ጥፋት የእኔም ሊፍት ተዘግቶብኝ ነበር። ስወርድ በየፎቁ ያለው የድርጅቱ ተናጋሪ ግድግዳ «እርጋታዎ ቀንሷል፣ በረጅሙ ይተንፍሱ» እያለ ሸኘኝ።

ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ መምህር ኖላዊ አለ። ድርጅቱ ትምህርቱን እንዲያስረዳን ያስቀመጠው መነኩሴ ነው። የሞጆ ልጅ ነው፣ አባቱን አጣና ሲነግዱ አውቃቸዋለሁ። በወጣትነቱ ስሪላንካ ሄዶ ብዙ ዓመት ተቀምጦ፣ ራሱን ተላጭቶ፣ ብርቱካንማ ኩታ ለብሶ ተመለሰ። ስደርስ ከአዳራሹ ወጥቶ፣ ነዋሪዎች ያወረዱለትን የበረሮ ኩባያዎች አጥሩ ሥር አንድ በአንድ እየደፋ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ይህን ዕቃ ለአንድ ሌሊት ዝም አሰኝልኝ።» የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠና ፊቱን በእጁ አሻሸ። «ሃሴትን ነው የሚሉኝ? የያፌት እናት?» ወደ አሥራ አራተኛው ፎቅ ቀና ብሎ አየ። «ዶቃውን ማጥፋት አልችልም፣ ጋሼ። በእኔም ላይ ይቃጭላል።»

«አንተም ትዋሻለህ?»

«ትናንት ከድርጅቱ ደውለው ነዋሪዎቹ ደስተኞች ናቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ።»

በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። «እንግዲያው ይህ ቡድሃህ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አልኩት። «እናት አልነበረችውም? መርዶ ሰምቶ አያውቅም?»

«እሱ የተናገረው ይህን አይደለም» አለ፣ እሱም ድምፁ ከፍ እያለ። «ንግግር እውነት ይሁን ብሏል። ነገር ግን በጊዜው የሚነገር፣ ለስለስ ያለ፣ የሚጠቅም፣ ከመልካም ልብ የሚወጣም ይሁን ብሏል። እውነት ሆኖ የሚያሳምም ነገር ሲሆን ደግሞ የሚነገርበትን ጊዜ እወቁ ብሏል። አምስቱ አብረው ነው የሚሄዱት። መሐንዲሶቹ መሣሪያ ሊሠሩለት የቻሉት ለአንዱ ነው። የቀሩትስ ብዬ ስንት ጊዜ ጠየቅኋቸው፤ ‹በሚቀጥለው እትም› ይሉኛል። ትምህርቱን ቆርጠው አንድ እጁን አንገታችን ላይ አንጠለጠሉት።»

«ስለዚህ ልዋሻት?»

«ይዋሹ አልልዎትም።»

«ልንገራት?»

«አሁን፣ ሰው በሌለበት? እሱንም አልልዎትም።»

«እና ምን ነው የምትለኝ?»

«ጊዜው እስኪደርስ ሄደው አጠገቧ ይቀመጡ።»

«አጠገቧ ተቀመጥ! ይህን ለመማር ነው ባሕር ተሻግረህ ያን ያህል ዘመን የቆየኸው?»

«አዎ» አለ። «በጣም ከባድ ነበር።»

ዶቃው አልቃጨለችም። ተናድጄ ጥዬው ሄድኩ። ከኋላዬ «በየደረጃው ቆም እያሉ ይተንፍሱ» አለኝ፣ ሳይነግረኝም እንደምተነፍስ መለስኩለት።

ደረጃውን ስወጣ ሳስበው፣ ሌላ ያለኝ ምርጫ ቤቴን ዘግቼ መደበቅ ነው። በየፎቁ ያገኘኋቸው ጎረቤቶች ይህንኑ መርጠዋል። ወሬው ሁሉም ጋ ደርሷል፤ ሃሴት ብትወጣ እንዳያገኟት ሁሉም በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የልጅ ጫጫታ የሚያደነቁረው ኮሪደር ጭር ብሏል። እንዲህ ያለ ዝምታ ከማንኛውም ጡሩምባ ይልቅ አፍ አውጥቶ ይናገራል። በየበሩ እያንኳኳሁ «ውጡ» አልኳቸው። «ውጡና እሷ ጋ ግቡ። ያልተጠየቃችሁትን አታውሩ፣ ከተጠየቃችሁ ለእኔ ተዉት።» ከዚያ የሃሴትን በር አንኳኳሁ። ብትጠይቀኝ ምን እንደምል ምንም የማውቀው ነገር አልነበረኝም።

ምስር እየለቀመች ነበር። ትልቅ ሰፌድ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ አጠገቧ ሙሉ ከረጢት አቁማ። ቀና ብላ አየችኝ። «ና ቁጭ በል፣ ጋሽ ኢዮስያስ» አለችና የሰፌዱን አንድ ጎን ወደ እኔ ገፋችው።

ቁጭ አልኩና መልቀም ጀመርኩ። ጠጠር አወጣለሁ፣ ገለባ አወጣለሁ፣ ጥያቄዋን እጠብቃለሁ። አልጠየቀችኝም። ማራናታ ዓይኗን ታጥባ መጣች፣ ሌላ ሰፌድ ተሰጣት። ባሮክ መጣ፣ ምስር ከጠጠር መለየት ስለማይችል ሻይ እንዲያፈላ ተላከ። ከታች ፎቅ፣ ከላይ ፎቅ ሰዎች እየተንጠባጠቡ ገቡ። «ይመስገን» ይላሉ፣ ይቀመጣሉ፣ እጃቸውን ሰፌዱ ላይ ያደርጋሉ። ለአንዲት ብቸኛ ሴት ይህን ያህል ምስር ምን እንደሚያደርግላት የጠየቀ ሰው የለም።

ሃሴት ስለ ያፌት ታወራልን ጀመር። ሕፃን ሳለ የጎረቤት መስኮት በኳስ ሰብሮ ነፋስ ነው ብሎ መማሉን፣ ጎረቤትየው «ነፋሱ ኳስ አለው እንዴ?» ሲለው «የተዋሰው ነው» ብሎ መመለሱን ነገረችን። «ያኔ ዶቃ ቢኖር ኖሮ ልጄ እስኪያድግ በደረጃ ነበር የሚወጣው» አለች። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ባሮክ ከሁሉም በላይ ሳቀና ሻዩን ትቶ መታጠቢያ ቤት ገባ፣ ብዙ ቆይቶ ነው የወጣው። ሾርባ እንደማይወድ ነገረችን። ሲተኛ አንድ እግሩን ከብርድ ልብስ ውጭ እንደሚያደርግ ነገረችን። ስለ እሱ ሁሉንም ነገር ስትነግረን የት እንዳለ ብቻ አላነሳችም። ያ ሁሉ ሰው ባለበት ቤት አንዲት ጥያቄ ከአፏ አልወጣችም፤ ቀስ በቀስ ሲገባኝ፣ እንዳንዋሽ የምትጠብቀን እሷ ነበረች። አንድም ዶቃ አልቃጨለም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው መነሳት ጀመረ። እኔ ቀረሁ።

«ማራናታ እዚህ ትደር» አልኳት።

«ትደር» አለች። ሰፌዱን አራገፈችና ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። «ጋሽ ኢዮስያስ፣ ነገ በጠዋት ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን አይደለሁም።»

ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው ይህችን ማታ ተዉልኝ» አለች። «ዛሬ ማታ ልጅ አለኝ።»

እጇን ይዤ ትንሽ ቆየሁና ወጣሁ። በመሣሪያው ላይ የነበረኝ ንዴት ሁሉ ጠፋ ብል ውሸት ነው፤ እንዲያውም ጨመረ። አንድ ነገር ግን ተቀነሰልኝ። ነገ የምነግራትን ነገር ፈርቼው ነበር፣ አሁን እሷ ራሷ እንደጠራችኝ ሆኖ ተሰማኝ።

ጎህ ሲቀድ ወንድሟና እህቷ ከባቡር ጣቢያ ደረሱ። ከየፎቁ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ግማሾቻችን ሊፍት የተከለከልን ስለነበርን ሌሎቹም አብረውን በደረጃ ወጡ፤ በየፎቁ እያረፍን፣ ባሮክ የአንዱን አዛውንት ክንድ ይዞ፣ መምህር ኖላዊ ከሁሉም ኋላ ባዶ እግሩን።

በሯ ክፍት ነበር። ሶፋው ጥግ ተገፍቶ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ሃሴት መሐል ላይ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን ለሐዘን እንደሚለበሰው አዘቅዝቃ ለብሳ። ማራናታ ከጎኗ ናት። ወንድሟን አየችው፣ እህቷን አየቻት፣ ከዚያ እኔን።

«ተቀመጡ» አለችን።

ተቀመጥን። ሁሉም ወደ እኔ አየ።

«ሃሴት» አልኳት፣ «ያፌት አርፏል።»

ያወቀች ሴት ናት፣ ሌሊቱን ሙሉ ወንበር ስትደረድር ያደረች ሴት ናት፤ በጸጥታ የምትቀበለው መስሎኝ ነበር። ጩኸቷ ከአሥራ አራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት ተሰማ። ከወንበሯ ስትወድቅ በግራ እህቷ፣ በቀኝ ማራናታ ያዟት። ግድግዳው በዚያ በለሰለሰ ድምፁ በረጅሙ እንድንተነፍስ ለመነን፤ ለቅሶው ስለዋጠው የጨረሰ አልመሰለኝም። መምህር ኖላዊ ጥግ ላይ መሬት ተቀምጦ እንባው በተላጨ አገጩ ላይ ይወርድ ነበር። ልቧን የሚከታተላት ሐኪም ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ፣ ሳያስፈልግም ቀረ።

ከሠልስት በኋላ ማራናታ እግሯ ሥር ተንበርክካ ይቅርታ ጠየቀቻት። በእኔ ዶቃ ነው የተረዳሽው፣ ብቻሽን ሆነሽ ነው ያወቅሽው፣ አለቻት። ሃሴት ከመሬት አነሳቻት።

«ያወቅሁትማ ያን ጊዜ ነው» አለች። «የሞተብኝ ግን ጋሽ ኢዮስያስ ሲነግረኝ ነው።»